«ብረት ብረት ነው» ላሉዎት በያጅ፦ አይ ቢም እንዴት ይሠራል?

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። ጠያቂያችን ደብረ ብርሃን ላይ ዳቦ ቤት እየሠሩ ነው። ከምድጃው ክፍል በላይ የዱቄት ማስቀመጫ ቆጥ አለው፤ የክፍሉ ስፋት 6 ሜትር ነው። መሐንዲሱ ለቆጡ መሸከሚያ አይፒኢ 240 ቢም፣ ማለት ጫፉ የላቲኑን I (አይ) ፊደል የሚመስል አግዳሚ ብረት፣ ብሎ ጻፈላቸው። አዲስ አበባ ወርደው ዋጋ ቢጠይቁ ደነገጡ። የሰፈሩ በያጅ ደግሞ «ሦስት ወፋፍራም ላሜራ ቆርጬ፣ በይጄ እሱኑ በርካሽ አወጣልሃለሁ። ብረት ብረት ነው። ያኛውስ ቢሆን ቀልጦ ቅርጽ ውስጥ ፈሶ የወጣ አይደል?» አላቸው። እሳቸውም እንዲህ ይላሉ፦ እውነት ቅርጽ ውስጥ የሚፈስ ነው? ካልሆነ እንዴት ነው የሚሠራው? ልዩነቱስ ያን ያህል ገንዘብ ያስከፍላል?

ጤና ይስጥልኝ። ከመጨረሻው እንዳልጀምር በያጁ ቅር ይለዋል፤ ከእሱ ነገር እነሣለሁ። ግማሹን እውነት ይዟል። ብረቱ መጀመሪያ ላይ በእርግጥ ቀልጦ ይፈሳል፤ የሚፈሰው ግን ገና ድፍን ጉማጅ ሆኖ ነው። የአይ ቅርጹን የሚያገኘው ከረጋ በኋላ፣ እንደ ፍም ግሎ በትላልቅ ሮለሮች መካከል ሲዳመጥ ነው። ቀልጦ በቀጥታ በአይ ቅርጽ የፈሰሰ ቢም ቢኖር ኖሮ ለራሴ ቤት አልገዛውም ነበር፤ ምክንያቱን ወደ በኋላ ያገኙታል።

እኔ ራሴ ስምንት ዓመት የሠራሁት ፌሮ በሚያወጣ ፋብሪካ ነው። ቢም ሲዳመጥ ያየሁት በኋላ ለሥልጠና ውጭ አገር ሄጄ ነው። የማሽኑ ግዝፈት ይለያይ እንጂ ነገሩ አንድ ነው። በነገራችን ላይ በሙያው ቋንቋ «ሮል ማድረግ» ይባላል፤ እኔ ግን መዳመጥ ማለቱን እመርጣለሁ። ወደ ሸዋ ሮቢት ወርዶ እናቶች ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ የብረት ዘንግ እያንከባለሉ ጥጥ ከፍሬው ሲለዩ ያየ ሰው ቃሉ ከየት እንደመጣ ያውቃል። መንገድ ሠሪዎቹም ጠጠሩን የሚጠቀጥቁበትን መኪና መዳመጫ ነው የሚሉት። ብረት ላይ ሲመጣ ልዩነቱ መዳመጫው ሁለት መሆኑ ነው፤ አንዱ ከላይ፣ አንዱ ከታች ሆነው ወደ ተቃራኒ አቅጣጫ ይዞራሉ። በመካከላቸው ያለው ክፍተት ከሚገባው ብረት ውፍረት ያነሰ ነው። ሮለሮቹ የጋለውን ብረት በሰበቃ ነክሰው ይጎትቱታል፤ ወፍሮ የገባው ቀጥኖና ረዝሞ በወዲያኛው በኩል ይወጣል። ሊጥ መዳመጫ ማሽን ካለዎት ግማሹን ትምህርት ጨርሰዋል።

አሁን ከመነሻው ልሂድ። ብረቱ ወይ ከማዕድን፣ ወይ ከውዳቂ ብረት ይመጣል። ለቢም በብዙ አገር የሚቀልጠው ውዳቂ ብረት ነው፤ በኤሌክትሪክ ቅስት እቶን ውስጥ 1,600 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ይቀልጣል። ድኝና ፎስፈረስ የመሳሰሉትን በኖራና በኦክስጅን ያባርሯቸዋል። መዳብ ግን አይወጣም። ከመኪና ሽቦና ከሞተር ጋር አብሮ የገባ መዳብ ብረቱ ውስጥ ይቀራል፤ ሲበዛ ደግሞ በመዳመጫው ሙቀት ላይ ከቅርፊቱ ሥር ተጠራቅሞ የብረቱን ፊት ይሰነጥቀዋል። ለዚህ ነው ደኅና ፋብሪካ ውዳቂውን እየመረጠ የሚያቀልጠው።

የቀለጠው ብረት ከዚያ በውኃ ወደሚቀዘቅዝ የመዳብ ቅርጽ ይወርዳል። ይህ ቅርጽ ታች በኩል ክፍት ነው። ቆዳው ሲረጋ ውስጡ ገና ፈሳሽ እንደሆነ ቀስ እያለ ወደ ታች ይጎተታል፤ ውኃ እየተረጨበት እስከ መሐሉ ይረጋና በእሳት ይቆረጣል። ለቢም የሚሆነው አንዳንዴ ድፍን አራት ማዕዘን ነው፤ አንዳንዴ ደግሞ መሐሉ ቀጠን፣ ዳርና ዳሩ ወፈር ያለ፣ የተጋጠ አጥንት የሚመስል ጉማጅ ነው። ይኼኛው አፈሳስ ካናዳ ውስጥ አልጎማ በተባለ ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ1968 ተጀመረ፤ የመዳመጡን ድካም በብዙ ቀንሶታል። በያጅዎ «ቅርጽ ውስጥ ፈሶ» ያለው ይህን ከሆነ ያስኬዳል። ከዚህ ተነሥቶ ቢም እስኪሆን ግን ገና ብዙ ይቀረዋል።

ጉማጁ እንደገና እቶን ይገባል። 1,200 ዲግሪ አካባቢ እስኪደርስ ድረስ ለሰዓታት ይቆያል። ያን ያህል የሚቆየው ላዩ ቶሎ ስለማይግል አይደለም፤ መሐሉ ስለሚዘገይ ነው። ላዩ ቡናማ ሆኖ ውስጡ ሊጥ የሆነ ዳቦ ከምድጃ አውጥተው ያውቃሉ? ብረትም ላይ ያው ነው። መሐሉ ያልጋለ ጉማጅ ሮለር ውስጥ ሲገባ ላዩ ይፈስሳል፣ ውስጡ አሻፈረኝ ይላል፣ በመካከሉ ይሰነጠቃል። እኛ ፋብሪካ አንድ ጊዜ፣ ትእዛዝ ተደራርቦ ሲቸኮል፣ በቅጡ ያልጋለ ጉማጅ እንዲወጣ ተደረገ። ጫፉ ቀዝቅዞ ስለነበር የሚቀጥለውን መግቢያ ሳተና ተመትቶ ተመለሰ። ከኋላው የሚመጣው ደግሞ አይቆምም። ቀይ ዘንግ እንደ እባብ ወደ ላይ ተምዘግዝጎ ጣሪያው ሥር ተጠቅልሎ ወደቀ። ሰው አልነካም፤ ግን እስኪቀዘቅዝ ጠብቀን በኦክሲጅን ቆርጠን ስናወጣው ፈረቃው አለቀ። ከዚያ በኋላ እቶኑ በራፍ ላይ የቆመው ሽማግሌ ኦፕሬተር «ገና ነው» ሲል ማንም አይከራከረውም ነበር። በዓይኑ ነው የሚያየው፤ ወደ ነጭ የሚጠጋ ቢጫ ሲሆን ይለቀዋል።

ብረቱ እቶን ውስጥ ሳለ ከአየር ጋር እየተዋሐደ ቅርፊት ያበጃል። ከክብደቱ አንድ በመቶ ያህል በዚህ ቅርፊት ይባክናል። ሲወጣ በከፍተኛ ግፊት ውኃ ይመታና ቅርፊቱ ይራገፋል፤ አለበለዚያ ሮለሩ ብረቱ ውስጥ ይቀብረዋል። ነገር ግን ብረቱ እስከሚቀዘቅዝ ድረስ አዲስ ቀጭን ቅርፊት ማብቀሉን አይተውም። ሱቅ ውስጥ ቢሙ ላይ የሚያዩት ግራጫማ ሰማያዊ ልባስ እሱ ነው። ስለ ቀለም ሳወራ እመለስበታለሁ።

ለምን ግሎ ይዳመጣል? አንዱ መልስ ልስላሴ ነው። የአውሮፓው የእሳት ስሌት ደንብ እንደሚያስቀምጠው ተራ የግንባታ ብረት 600 ዲግሪ ላይ የመሸነፊያ ጥንካሬው (ከዚያ ካለፈ ጎብጦ የማይመለስበት ኃይል) ወደ 47 በመቶ ይወርዳል፤ 800 ላይ 11 በመቶ ይቀረዋል፤ 1,000 ላይ 4 በመቶ ብቻ። ቀዝቃዛውን ብረት በዚህ መጠን ልዳምጥ ቢሉ ማሽኑ ይሰበራል።

ሁለተኛውን መልስ ግን እርስዎ ከማንም በላይ ያውቁታል። ሊጥ ሲያሹት፣ ሲያሹት ይጠነክርና እንቢ ይላል፤ ቢዘረጉት ይመለሳል። ሸፍነው ሲያሳርፉት ይለቃል። ብረትም ሲዳመጥ ውስጡ ያሉት ጥቃቅን ቅንጣቶች ተለጥጠው ይደነድናሉ። ቀዝቃዛ ከሆነ እንደደነደነ ይቀራል። የጋለው ብረት ግን ከአንዱ መዳመጫ ወጥቶ ወደ ሌላው እስኪገባ ባሉት ሰኮንዶች ውስጥ ያርፋል፤ የተለጠጡት ቅንጣቶች ቦታቸውን ለአዳዲስና ለትንንሽ ቅንጣቶች ይለቃሉ። በያንዳንዱ ዙር ይኼ ይደጋገማል። ቀልጦ ሲረጋ የነበረው ሸካራ ውስጣዊ አካል ይደቅቃል፤ መሐሉ ላይ ቀርተው የነበሩ ጥቃቅን ቀዳዳዎችም በግፊትና በሙቀት ተጋጥመው ይዘጋሉ። ቀልጦ ብቻ የረጋ ብረትን አልገዛም ያልኩት ለዚህ ነው። ደቃቅ ቅንጣት ያለው ብረት ጠንካራም ነው፣ ከመሰበሩ በፊትም ይጎብጣል። ምሰሶም ሆነ ቢም ከመውደቁ በፊት ጎብጦ ቢያስጠነቅቅ ይሻላል።

ቀጥሎ የምነግርዎ ብረቱ የአይ ቅርጽ የሚያገኝበትን ነው፤ ከሁሉም እኔን የሚያስደንቀኝ ይሄ ነው። መጀመሪያ ጉማጁ ቦይ የተቆረጠባቸው ሁለት ትላልቅ ሮለሮች መካከል ወዲያና ወዲህ ይመላለሳል። በያንዳንዱ መመላለስ ክፍተቱ ይጠባል፤ አንዳንዴም ብረቱ በጎኑ ይገለበጣል። ረቂቁ እዚህ ይወጣል። ድሮ ሥራው ሁሉ እንዲህ በቦይ ነበር። ቦይ ግን አንድ ጣጣ አለው፤ ብረቱ እንዳይጣበቅበት ግድግዳው ዘንበል ማለት አለበት። ለዚያ ነው በድሮ ቢሞች ላይ ክንፎቹ፣ የአይው የላይና የታች አግዳሚዎች፣ ከውስጥ በኩል ወደ ጫፍ እየቀጠኑ የሚሄዱት። አይፒኤን የሚባለው ዛሬም እንዲሁ ነው፤ የክንፉ ውስጠኛ ፊት 14 በመቶ ያዘነብላል። ብሎን ልታስር ስትል ሽብልቅ መሳይ ዋሸር ካልጨመርክ ብሎኑ ይጣመማል። በያጆች ሁሉ ያማረሩበት ነገር ነው።

ይህን ጣጣ የፈታው ሄንሪ ግሬይ የተባለ መሐንዲስ ነው። በእሱ አሠራር አራት ሮለር በአንድ ጊዜ ብረቱን ይይዙታል። ሁለቱ አግድም ናቸው፤ ሁለቱ ቀጥ ብለው በግራና በቀኝ ይቆማሉ። አግድሞቹ በግንባራቸው መካከለኛውን ግድግዳ፣ ዌብ የምንለውን፣ ይጫኑታል። የቆሙት ሮለሮች ደግሞ ፍላንጆቹን፣ ማለት የላይና የታች ክንፎቹን፣ ከአግድሞቹ ጎን ጋር ያጣብቋቸዋል። ሁሉም ፊት በአንድ ዙር ይዳመጣል፤ ክንፉም ሳያዘነብል እኩል ውፍረት ይዞ ይወጣል። ከአጠገቡ ያለ ሌላ ማሽን የክንፎቹን ጠርዝ ብቻ እየነካካ ስፋታቸውን ይጠብቃል። ሉክሰምበርግ ውስጥ ዲፈርዳንዥ የተባለችው ከተማ እ.ኤ.አ. በ1900ዎቹ መጀመሪያ ይህን ቢም ማውጣት ጀመረች፤ አሜሪካኖቹ ቤተልሔም በተባለው ፋብሪካቸው እ.ኤ.አ. በ1908 ተከተሉ። አሁን እርስዎ የሚገዙት አይፒኢ የዚህ ልጅ ነው።

ለማየት ቀላል ይመስላል። ችግሩ ዌቡ ቀጭን፣ ክንፎቹ ወፍራም መሆናቸው ነው፤ ተያይዘው ደግሞ አብረው መርዘም አለባቸው። ዌቡ ከክንፎቹ ፈጥኖ ከረዘመ መሄጃ ያጣና ይጨማደዳል፤ እንደ ቀሚስ ሽንሽን ይሆናል። ክንፎቹ ከፈጠኑ ደግሞ ዌቡን ይጎትቱትና ይቀድዱታል። ስለዚህ በያንዳንዱ ዙር አራቱ ሮለሮች ስንት እንደሚጠጉ የሚሰላው ሁለቱ በመቶኛ እኩል እንዲቀጥኑ ነው። ሥልጠና ላይ ሳለሁ አንድ ሽንሽን የሆነ ቁራጭ ግቢያቸው በር ላይ ተሰቅሎ አይቻለሁ፤ ለአዲስ ሠራተኛ ማስተማሪያ ነው አሉ።

የእርስዎን ቢም ልውሰድ። የአይፒኢ 240 ቁመት 240 ሚሊ ሜትር፣ የክንፉ ስፋት 120፣ የዌቡ ውፍረት 6.2፣ የክንፉ ውፍረት 9.8 ነው። ክንፍና ዌብ የሚገናኙበት ጥግ በ15 ሚሊ ሜትር ራዲየስ የዞረ ነው። አንድ ሜትሩ 30.7 ኪሎ ይመዝናል። ተቆርጦ ሲታይ የገጹ ስፋት 39.1 ካሬ ሳንቲ ሜትር ነው። እንግዲህ 20 በ25 ሳንቲ ሜትር የሆነ፣ 6 ሜትር ርዝመት ያለው ጉማጅ ብንወስድ ገጹ 500 ካሬ ሳንቲ ሜትር ነው። ብረት ሲዳመጥ ቅርጹ ይለወጣል እንጂ መጠኑ አይጠፋም፤ ገጹ 13 ጊዜ ያህል ሲያንስ ርዝመቱ 13 ጊዜ ያህል ይጨምራል። 6 ሜትሩ ወደ 76 ሜትር ይሄዳል። ቅርፊትና የተቆረጠ ጫፍ ይቀነሳል፤ ባለ 12 ሜትር ስድስት ቢም ይወጣዋል።

የመጨረሻው ዙር ሲያልቅ ብረቱ ከ850 እስከ 950 ዲግሪ ግድም ነው፤ ብርቱካን መሳይ ቀይ። ያኔ ማግኔት አይነካውም፤ ብረት ከ770 ዲግሪ በላይ የማግኔት ፍቅሩን ይረሳልና። እንደጋለ በክብ መጋዝ ይቆረጣል። ቆራጩ 12 ሜትር የሚለውን 12 ሜትር ላይ አይቆርጠውም፤ ሲቀዘቅዝ ከአሥር ሳንቲ ሜትር በላይ ስለሚያጥር አስረዝሞ ነው የሚቆርጠው። ከዚያ ሰፊ መደርደሪያ ላይ ጎን ለጎን ተሰልፎ ይቀዘቅዛል። ቀጭኑ ዌብና የክንፎቹ ጫፎች ቀድመው ይበርዳሉ፤ ክንፍና ዌብ የሚገናኙበት ወፍራም ጥግ ይዘገያል። የዘገየው ሲኮማተር ቀድሞ የበረደውን ይጎትተዋል። በዚህ የተነሣ ቢሙ ምንም ሳይሸከም ውስጡ የቀረ ውጥረት አለ፤ የመሐንዲሱ ደንብ ይህን አስቀድሞ ያስባል። ሲበርድ የሚጎብጠው በሮለሮች መካከል እያለፈ ይቃናል፣ ይታሠራል፣ ይጫናል። እኛ ዘንድ የሚደርሰው በጅቡቲ በኩል ነው።

ታዲያ ይህ ሁሉ ድካም በአይ ቅርጽ ለምን? ያንኑ 39.1 ካሬ ሳንቲ ሜትር ብረት ድፍን አራት ማዕዘን ዘንግ ብናደርገው ጎኑ 6.25 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። መጉበጥን የሚቋቋምበት መጠን፣ በስሌት 127 (በሳንቲ ሜትር አራተኛ ኃይል) ይሆናል፤ የአይፒኢ 240 ደግሞ 3,892 ነው። በአንድ ዓይነት ክብደት መጉበጥን 30 ጊዜ ያህል ይቋቋማል። ይህ ግን ቆሞ ሲቀመጥ ነው። በጎኑ ከተኛ 284 ብቻ ነው ያለው። ሠራተኛ «ተኝቶ ይመቻል» ብሎ እንዳያስተኛው አጠገቡ ይቁሙ።

አሁን ወደ በያጁ። ለአግባቡ ልናገርና፣ ሐሳቡ ሞኝነት አይደለም። 120 በ10 የሆኑ ሁለት ክንፎችና 220 በ6 የሆነ ዌብ ቢበይድ ገጹ 37.2 ካሬ ሳንቲ ሜትር ይሆናል። ከአይፒኢው ጋር የሚለየው ሁለት ካሬ ሳንቲ ሜትር አይሞላም፤ ያች ልዩነት ደግሞ አራቱ የዞሩ ጥጎች ናቸው ማለት ይቻላል። ላሜራዎቹም ራሳቸው ተዳምጠው የመጡ ናቸው። በዓለም ላይ ትልልቅ ድልድዮችና የፋብሪካ አዳራሾች የሚሠሩት ከላሜራ በተበየደ ቢም ነው፤ ከተወሰነ መጠን በላይ የሚዳመጥ ቢም የለምና። ስለዚህ «የተበየደ ሁሉ መጥፎ ነው» የሚልዎትን አይስሙ።

ነገሩ ያለው ስፌቱ ላይ ነው። የተዳመጠው ቢም ክንፍና ዌቡ አንድ አካል ናቸው፤ ስፌት የለውም። የእርስዎ 6 ሜትር ቢም ሲበየድ ግን በአራቱ ጥጎች አራት መሥመር፣ በጠቅላላው 24 ሜትር ብየዳ ይፈልጋል። አንድ ኤሌክትሮድ 20 ሳንቲ ሜትር ቢሄድለት 120 ኤሌክትሮድ ነው፤ ይኸውም ብየዳው የሚጀምርና የሚቆምበት 120 ቦታ ማለት ነው። የኤሌክትሮዱ ቆሻሻ ወይም የአየር አረፋ የሚቀረው በብዛት እዚያ መነሻና ማቆሚያ ላይ ነው። ፋብሪካ ውስጥ ይህን የሚሠራው በዱቄት ተሸፍኖ ያለማቋረጥ የሚበይድ ማሽን ነው፤ ከዚያም በድምፅ ሞገድ ይፈተሻል። ሰፈር ውስጥ መብራት ሲሄድ የሚቋረጥ ብየዳ ማን ይፈትሸዋል?

ሁለተኛው ጣጣ ሙቀቱ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ሸዋ ሮቢት አካባቢ የማሾ መጋዘን ላይ አማክሩን ተባልኩና ሄድኩ። በያጁ አንዱን ክንፍ በሁለቱም በኩል ጨርሶ በይዶ ነው ወደ ሌላው የዞረው። ክንፉ ሲበርድ ተኮማትሮ ቢሙን እንደ ቀስት ለጥጦታል። መሬት ላይ አስተኝተን ክር ስንወጥርበት መሐሉ ላይ አራት ጣት ገባ። ባለቤቱ «በጃክ እናቃናው» አለ። በጃክ ይቃናል፤ ግን ስፌቱ ላይ የምትፈጠረውን ስንጥቅ በዓይን አታያትም። መሐንዲሱ ደግሞ እንዳልኩት ለተዳመጠ ቢም የሚያውቀውን ውጥረት ነው ያሰላው፤ ለዚህኛው አይደለም። ሦስት ቢሞች አስወጥተን በሌላ ተተኩ። በያጁ ሰነፍ አልነበረም። ማንም አላስተማረውም እንጂ በየተራ እየቀያየሩ፣ በተቃራኒ ጥግ እየተሻገሩ መበየድ ነበረበት።

ሦስተኛው፣ ላሜራው ምን ዓይነት ብረት ነው? መሐንዲስዎ ሥዕሉ ላይ ኤስ 235 ወይም ኤስ 275 ብሎ ጽፎ ይሆናል። ቁጥሩ ብረቱ የሚሸነፍበት ኃይል ነው። ከየቦታው የተለቃቀመ የላሜራ ቁራጭ ላይ ይህን የሚነግርዎ የለም።

ስለዚህ የእኔ ምክር የተዳመጠውን ይግዙ ነው። ሰው ከሥሩ የሚሠራበት ቆጥ፣ ላዩ ላይ ኩንታል ዱቄት የሚደረደርበት፣ የሚቆጠብበት ቦታ አይደለም። ሲገዙ ግን የሚከተለውን ይያዙ።

ካሊፐር ይዘው ይሂዱ። የአውሮፓው ደንብ ለዚህ መጠን የክንፉ ውፍረት ከ8.8 እስከ 11.8፣ የዌቡ ከ5.5 እስከ 6.9 ሚሊ ሜትር ድረስ እንዲለያይ ይፈቅዳል። ሁሉም ቦታ ዝቅተኛውን ካገኙ ግን ተጠራጠሩ፤ ምክንያቱም ክብደቱ ከተጻፈው 4 በመቶ በላይ ማነስ የለበትም። ባለ 12 ሜትሩ 368 ኪሎ ነው፤ ከ354 በታች ከሆነ አይቀበሉ። የመኪና ሚዛን ላይ ሙሉውን ጭነት አስመዝኖ ማካፈል ይቻላል። ቀጥሎ ጥጉን በጣትዎ ይዳስሱ። የዞረ፣ ለስላሳ፣ ከዳር እስከ ዳር አንድ ዓይነት ከሆነ የተዳመጠ ነው። ዌቡ ላይ ደግሞ ብዙ ፋብሪካዎች በሮለሩ ላይ የቀረጹትን ምልክትና መጠን ትተው ያልፋሉ፤ ፊደሉ ከብረቱ ከፍ ብሎ ይታያል። ሻጩን የፋብሪካውን ሰርተፊኬት ይጠይቁ፤ እዚያ ላይ ያለው የቅልጠት ቁጥር (ብረቱ ከየትኛው ቅልጠት እንደወጣ የሚናገረው) ቢሙ ላይ ከተለጠፈው ጋር መግጠም አለበት። ፎቶ ኮፒው ብቻ ለብቻው ምንም አይነግርዎትም።

አንድ ነገር በጣም ይጠንቀቁ። ሻጩ «ለመኪና እንዲመች ባለ 12ቱን ለሁለት እንቁረጠው» ይልዎታል። 6 ሜትር ይደርስዎታል፤ ክፍሉ ደግሞ 6 ሜትር ነው። ቢሙ በሁለቱ ጫፍ የሚያርፍበት 20፣ 25 ሳንቲ ሜትር ከየት ይመጣል? ቢያንስ 6.50 አድርገው ያስቆርጡ። የሚተርፈው ከመስኮትና ከበር በላይ ለሚደረግ መሸከሚያ ይሆንዎታል። ይህን ስህተት አንድ የማውቀው ሰው ሠርቶ በመጨረሻ የብየዳ ቅጥያ ውስጥ ገባ፤ ካሰበው በላይ ከፈለ።

ቀለምን በተመለከተ፣ ያን ሰማያዊ ቅርፊት አንቲ ረስት አይቀቡበት። ሲያዩት ጠንካራ ልባስ ይመስላል፤ ግን ይሰነጠቃል፣ እርጥበት ከሥሩ ይገባል፣ ከእነ ቀለሙ እንደ ልጣጭ ይነሣል። ዳቦ ቤት ውስጥ እንፋሎት አለ፣ ደብረ ብርሃን ደግሞ ሌሊቱ ቀዝቃዛ ነው፤ ቢሙ ጠዋት ጠዋት ላብ ያወጣል። በአሸዋ ማስመታት ከተገኘ እሰየው። ካልተገኘ በግራይንደርና በሽቦ ብሩሽ ይራገፍ፣ በዚያው ቀን ይቀባ። የድሮ ሰዎች ቢሙን አንድ ክረምት ደጅ ትተው ዝናብ ቅርፊቱን እንዲያራግፈው ያደርጉ ነበር፤ ጊዜ ካለዎት ያም ይሠራል፣ በኋላ ዝገቱን መፋቅ ግን አይቀርም።

እሳትንም አይርሱ። የተዳመጠበትን ልስላሴ የጻፍኩልዎ ለዚህ ጭምር ነው። የዳቦ ምድጃ ሙቀት ቢሙን አይነካውም፤ እስከ 400 ዲግሪ ድረስ የብረቱ የመሸነፊያ ጥንካሬ አይቀንስም ተብሎ ነው የሚሰላው። ጆንያና እንጨት ከተያያዘ ግን ሌላ ነገር ነው። 800 ዲግሪ ላይ አንድ ዘጠነኛው አቅም ነው የሚቀረው። ከምድጃው በላይ ያለውን ቢም እሳት በሚቋቋም ጂብሰም ቦርድ ያልብሱት ወይም በአርማታ ይሸፍኑት፤ መሐንዲስዎ የትኛው እንደሚሻል ይንገርዎት።

በያጁን ደግሞ አያባርሩት። ቢሙ ግድግዳው ላይ የሚያርፍበት ላሜራ አለ፤ የብሎን ቀዳዳ አለ፤ ከምሰሶው ጋር የሚያያዝበት አንጎላሬ አለ፤ ቅርፊት ማራገፉና ቀለሙ አለ። ይህ ሁሉ የእሱ ሥራ ነው፤ በደንብ ይክፈሉት። ብቻ ዌቡ ላይ የቧንቧና የመብራት ቀዳዳ በእሳት እንዳይበሳ አስቀድመው ይንገሩት፤ በተለይ ወደ ጫፉ፣ ግድግዳው አጠገብ። ቢሙ ሲመጣ የዌቡን ጽሑፍና የጥጉን ፎቶ ይላኩልኝ፤ አይቼ እነግርዎታለሁ።